ቡፌው ላይ የቆመው ጠርሙስ

በብዙ ቤት የውስኪ ጠርሙስ ሥራው መቆም ነው። ከቡፌው መስታወት ጀርባ፣ ከሠርጉ ፎቶና ከሲኒዎቹ አጠገብ፣ ካርቶኑን እንደለበሰ ይቆማል። ከዱባይ የመጣ ዘመድ ያመጣው ነው፤ ወይም ለቤት ምረቃ የተሰጠ ነው። በየበዓሉ አቧራው ይጠረጋል፣ ቦታው ይስተካከላል፣ ተመልሶ ይቆማል። አንድ ቀን ታዲያ ትልቅ እንግዳ ይመጣና ይከፈታል። ያን ዕለት "ልጨምርልህ!" "ኧረ በሞቴ!" እየተባለ ዓመታት የቆመው ጠርሙስ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። በማግሥቱ ስለ ራስ ምታቱ እንጂ ስለ ጣዕሙ የሚያወራ አይገኝም።

ገንዘቡ ግን ቀላል አይደለም። አንድ ደህና ጠርሙስ ከወሩ አስቤዛ ላይ ትልቅ ቁራሽ ይቆርሳል። ይህን ያህል ከከፈልን ምን እንደገዛን ማወቅ፣ ከገዛን ደግሞ ማጣጣም ይገባናል። በዚህ ወር ስለ አንድ የውስኪ ዓይነት፣ ስለ ቦርበን እናውራ። ቦርበንን የመረጥኩት ለእኛ ለባሌ ሰዎች ከሌላው ውስኪ ይልቅ ቅርብ ስለሆነ ነው። ከሚሠራባቸው እህሎች ብዙዎቹን ሮቤ ገበያ ላይ በጣሳ ሲሰፈሩ ታገኟቸዋላችሁ፤ ምርጥ አጣማሪውም ከጎባ ማዶ፣ ከሐረና ጫካ የሚወርደው ማር ነው።

የበቆሎ አረቄ፣ በእንጨት ያደገ

ቦርበን የአሜሪካ ውስኪ ነው። የአገሪቱ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ የአሜሪካ መለያ ምርት ብሎ አውጆታል። አብዛኛው የሚሠራው በኬንታኪ ግዛት ቢሆንም በየትኛውም የአሜሪካ ግዛት ሊሠራ ይችላል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ከሚገባው እህል ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት። ቀሪው ብዙውን ጊዜ ራይ የሚባለው የስንዴ ዘመድ ወይም ራሱ ስንዴ ነው፤ ከዚያ ትንሽ የገብስ ብቅል ይጨመራል።

እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ አይደነቁም። ብቅል በጠላ ድፍድፍ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ እዚያም ይሠራል፤ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳርነት ይቀይራል፣ እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮል። ከዚያ ድፍድፉ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በቱቦ ይሄዳል፣ ሲቀዘቅዝ ጠብ ጠብ ይላል። እስከዚህ ድረስ ቦርበንና አረቄ ወንድማማች ናቸው። የኛው ጌሾ አለበት፣ ያኛው የለበትም፤ የኛው በሸክላና በበርሜል፣ ያኛው በመዳብና በብረት ማማ ይወጣል። ሁለቱም ግን ሲወርዱ እንደ ውሃ ነጭ ናቸው።

መንገዳቸው የሚለያየው ከዚህ በኋላ ነው። አረቄው ወደ ጠርሙስና ወደ መለኪያ ይሄዳል። ቦርበኑ ወደ በርሜል ይገባል። በርሜሉ ከኦክ እንጨት የተሠራ፣ አዲስ፣ ውስጡም በእሳት የከሰለ መሆን አለበት። እሳቱ የእንጨቱን ስኳር ያቃጥለውና እንደ ካራሜላ ያደርገዋል፤ ከእንጨቱ ውስጥም የቫኒላ ሽታ የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ያወጣል። የኬንታኪ በጋ ሲሞቅ መጠጡ ወደ እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ክረምቱ ሲበርድ ተመልሶ ይወጣል። በየዓመቱ ከውስጡ የተወሰነው በኖ ይጠፋል። የሚቀረው ቡናማ ቀይ ቀለሙን፣ ጣፋጭነቱንና ሽታውን የሚያገኘው ከዚያ ከሰል ነው። በርሜሉም ለቦርበን የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ያገለገለው ተሸጦ ብዙው ወደ ስኮትላንድ ይሄዳል። ስለዚህ የስኮች ውስኪ የምትወዱ ሰዎች ሳታውቁት የቦርበን በርሜል ጣዕም ስትጠጡ ኖራችኋል።

ባለፈው በዓል ጎባ አጎቴ ቤት ተሰብስበን ይህንን ስናወራ፣ አጎቴ እንደ አረቄ ወዲያ ሊለው መለኪያውን አነሳ።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ያሽትቱት" አልኩት።

"አረቄ ይሸተታል እንዴ?" አለና ሳቀ። ግን አሸተተው። ዝም ብሎ ቆየና፣ "ይሄ ነገር የታጠነ የወተት ዕቃ ይሸታል" አለ።

ከዚህ የተሻለ መግለጫ በየትኛውም የውስኪ መጽሐፍ ላይ አላነበብኩም። የባሌ እናት የወተት ቅሏን በወይራ ጭስ ታጥናለች፤ ወተቱ ሳይበላሽ እንዲቆይና ሽታው እንዲጣፍጥ። የጠላው ጋንም ይታጠናል። እሳት የነካው እንጨት ለመጠጥ ምን እንደሚሰጥ ለማወቅ እኛ ከኬንታኪ መማር አያስፈልገንም። ቦርበን ስትቀምሱ ከዚያ ትዝታ ጀምሩ።

አጎቴ ቀጥሎ "ስንት ብር ነው?" አለ። ሲነገረው መለኪያውን በሁለት እጁ ያዘ።

ትልቁን ፊደል እለፉት፣ ትንሹን አንብቡ

በማርኬቲንግ ሥራ የምተዳደር ሰው እንደመሆኔ አንድ የሙያ ምስጢር ልንገራችሁ። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ትልልቅ ፊደል፣ የወርቅ ቀለሙን፣ ፈረሱንና የሽማግሌውን ፎቶ የምናስቀምጠው እኛ ነን። ትንንሹን ፊደል ግን የሚያስጽፈው ሕግ ነው። "ስፔሻል"፣ "ኦልድ"፣ "ሪዘርቭ"፣ "ፕሪሚየም" የሚሉት ቃላት ብዙውን ጊዜ የእኛ ናቸው፤ በራሳቸው ምንም አያረጋግጡም። የሚከተሉትን ግን ፈልጋችሁ አንብቡ።

የመጀመሪያው "ቦርበን" የሚለው ቃል ራሱ ነው። "የአሜሪካ ውስኪ" ወይም "ውስኪ" ብቻ የሚል ጠርሙስ ቦርበን የሚጠበቅበትን ሁሉ አሟልቷል ማለት አይደለም። እኛ አገር በብዛት የሚታወቀው ጃክ ዳንኤልስ ራሱን የቴኔሲ ውስኪ ብሎ ይጠራል፤ አሠራሩ ከቦርበን ጋር ቢቀራረብም በርሜል ከመግባቱ በፊት በሜፕል እንጨት ከሰል ይጣራል። ጂም ቢም፣ ሜከርስ ማርክ፣ ዋይልድ ተርኪና ፎር ሮዝስ ግን ቦርበን ናቸው።

ሁለተኛው "ስትሬት" የሚለው ቃል ነው። ስትሬት ቦርበን ቢያንስ ሁለት ዓመት በርሜል ውስጥ የቆየ፣ ቀለምም ሆነ ማጣፈጫ ያልተጨመረበት ነው። ከአራት ዓመት በታች ከሆነ ዕድሜው ጠርሙሱ ላይ መጻፍ አለበት። ስለዚህ "ስትሬት" ብሎ ዕድሜ ካልጻፈ ቢያንስ የአራት ዓመት ነው ብላችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። በአንጻሩ "ሀኒ"፣ "አፕል" የሚሉት ጣፋጭ ጠርሙሶች ማጣፈጫ የተጨመረባቸው ናቸው። የሐረና ማር በእጁ ያለ የባሌ ሰው ለፋብሪካ የማር ጣዕም ተጨማሪ ብር የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሦስተኛው ጥንካሬው ነው። ቦርበን ሲታሸግ ከ40 በመቶ አልኮል ማነስ የለበትም። አሜሪካኖች "ፕሩፍ" የሚሉት ቁጥር የዚህ እጥፍ ነው፤ 80 ፕሩፍ ማለት 40 በመቶ፣ 101 ፕሩፍ ማለት 50.5 በመቶ ማለት ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በአገራችን አረቄ ላይ ከተደረጉ የቆዩ ምርመራዎች አንዱ ተራ አረቄን 34 በመቶ ገደማ፣ ዳግም አረቄን ደግሞ 46 በመቶ ገደማ አግኝቶታል፤ በእርግጥ ከቤት ቤት ይለያያል። ለጀማሪ ከ40 እስከ 45 በመቶ ያለው ይመቻል። 50 በመቶው በማርና በሎሚ ለሚቀላቀል ይሻላል፤ ጣዕሙ በሌላው አይዋጥም።

አራተኛው እህሉ ነው። ራይ ያለበት ቦርበን እንደ ቁንዶ በርበሬ ምላስ ላይ ቆንጠጥ ያደርጋል፤ አብዛኛው ቦርበን ይኸው ነው። በራይ ፈንታ ስንዴ የገባበት፣ ለምሳሌ ሜከርስ ማርክ፣ ለስለስና ጣፈጥ ይላል። ጠጪ ላልሆነ ሰው ስጦታ ከሆነ የስንዴውን ምረጡ። በስንዴ ምድር ለተወለደ ሰው የስንዴ ውስኪ መስጠት ደግሞ የራሱ ወግ አለው።

ስለ ዕድሜ አንድ ነገር ልጨምር። ውስኪ የሚያረጀው በርሜል ውስጥ ብቻ ነው። ቡፌ ላይ አሥር ዓመት የቆመ የአራት ዓመት ቦርበን ዛሬም የአራት ዓመት ነው። ለልጄ ሠርግ ብላችሁ ብታቆዩት መልካም ሐሳብ ነው፤ ጣዕሙ ይሻሻላል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ስታስቀምጡትም አቁሙት እንጂ እንደ ወይን አታጋድሙት፤ ጠንካራው አልኮል ቡሹን ይበላዋል። ከፀሐይም አርቁት።

ክዳኑን ከማዞራችሁ በፊት

አሜሪካኖች ትንንሹን ፊደል የጻፉት ስለተቸገሩ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ተራ አልኮል ቀለም እየተነከረ ውስኪ ተብሎ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 የወጣው ሕግ "ቦትልድ ኢን ቦንድ" የሚል ማረጋገጫ አመጣ፤ ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ወቅት የተጣለ፣ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ባለ መጋዘን ቢያንስ አራት ዓመት የቆየ፣ በ50 በመቶ የታሸገ ማለት ነው። ቃሉ ዛሬም ጠርሙስ ላይ ይገኛል፤ ካያችሁት በጥሩ ዋጋ ጥሩ ነገር አግኝታችኋል።

የኛ ችግር ደግሞ ባዶው ጠርሙስ ነው። የታወቀ ስም ያለው ባዶ ጠርሙስ ከነክዳኑ ገበያ አለው፤ ባለቤቱ ያልሆነ ሰው ይሞላዋል። ስለዚህ ስትገዙ የሚከተለውን ተመልከቱ። የክዳኑ ቀለበት ሳይበጠስ ሙሉ መሆን አለበት። ከአንድ መደርደሪያ ሁለት ጠርሙስ አንስታችሁ የመጠጡን ከፍታ፣ የወረቀቱን አለጣጠፍና የፊደሉን ጥራት አስተያዩ። ጠርሙሱ ላይ የታተመው የምርት ቁጥር ተፍቆ ከሆነ ተዉት። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በግማሽ ከወረደ ሻጩ ደግ ስለሆነ አይደለም። ደረሰኝ ከሚሰጥ ቤት ግዙ።

በአገር ቤት አረቄም ቢሆን ያው ነው። ከምታውቋት ባለሙያ የሚገዛ ንጹሕ የእህል አረቄ ሌላ ነው፤ ምንጩ ያልታወቀ፣ ለመጠጥ ያልተሠራ አልኮል የተደባለቀበት ደግሞ ሌላ። አደገኛው ሜታኖል በሽታም በጣዕምም አይለይም፤ በክብሪት እያነደዱ መሞከሩም ዋጋ የለውም። ከጠጡ በኋላ፣ አንዳንዴ በማግሥቱ፣ ዓይን ከደበዘዘ፣ ሆድ አጥብቆ ከቆረጠ፣ ትውከትና የትንፋሽ መፍጠን ከመጣ "ሃንጎቨር ነው፣ ተኝቶ ይለፍለት" አትበሉ። ያኔውኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ በሰዓታት ውስጥ ዓይንን ወይም ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል።

እኛም የድርሻችንን እንወጣ። ጠርሙሱ ባለቀ ጊዜ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ወረቀቱን ላጡት፣ ክዳኑን ቆርጣችሁ ጣሉት። የእናንተ ባዶ ጠርሙስ የሌላ ቤት ሐሰተኛ ውስኪ እንዳይሆን።

ሳይቀላቀል፦ ቀስ ብሎ

ጥሩ ቦርበን የመጀመሪያውን መለኪያ ሳይቀላቀል ይቀመስ። ሰፊ ሆድና ጠበብ ያለ አፍ ያለው ብርጭቆ ካለ ጥሩ፤ የወይን ብርጭቆም ይሆናል። የቤት መለኪያ መጠኑ ስለሚለያይ አንድ ጊዜ በሕፃን ጡጦ ላይ ባለው ምልክት ለኩት። ከ30 እስከ 45 ሚሊ ሊትር በቂ ነው።

በቆላ አገር የተጻፈ ምክር "አቀዝቅዛችሁ ጠጡ" ይላል። ሮቤ 2,500፣ ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ማታ ላይ ጠርሙሱም ብርጭቆውም በራሳቸው ቀዝቃዛ ናቸው። ብርድ ሽታን ይዘጋል። ስለዚህ እኛ በተቃራኒው ብርጭቆውን በመዳፋችን ይዘን ጥቂት ደቂቃ እናሙቀው። ከዚያ አፍንጫችሁን ከብርጭቆው ትንሽ አርቃችሁ፣ አፋችሁን በመጠኑ ከፍታችሁ አሽትቱ፤ አለዚያ አልኮሉ ብቻ ይወጋችኋል። ቫኒላ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ የታጠነ ዕቃ፣ አንዳንዴም የደረቀ ፍሬ ይመጣል።

የመጀመሪያው ጉንጭ ለምላስ ማስለመጃ ነው፤ ያቃጥላል። ሁለተኛውን አፍ ውስጥ አቆዩት። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ንጹሕ ውሃ ጨምሩና እንደገና ቅመሱ። ውሃው አልኮሉን ያለዝበውና የተደበቀውን ሽታ ያወጣዋል። "ውሃ ከጨመርክ አበላሸኸው" የሚሉትን አትስሙ፤ ውስኪው ከበርሜል ወጥቶ ጠርሙስ ሲገባም አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ተጨምሮበታል።

ከጎኑ ምን ይቅረብ? ሞቅ ያለ የገብስ ቆሎ። ከዚያ የሚበልጥ ካለ ጭኮ ነው፤ የተቆላ የገብስ ዱቄቱና የተነጠረው ቅቤ የቦርበኑን ጣፋጭነት ያወጡታል፣ ሆድም ባዶ አይሆንም። ለእያንዳንዱ መለኪያ አንድ ብርጭቆ ውሃ አብራችሁ አቅርቡ። አንድ ሰዓት አንድ መለኪያ ይቆይ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ከሐረና ማር ጋር

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴ አምባ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ቁልቁል ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። በዚህ ጫካ ረጃጅም ዛፎች ላይ ንብ አርቢዎች ቀፎ ይሰቅላሉ፤ ማሩም በጎባና በሮቤ ገበያ ይሸጣል። ቦርበን ከስኳር ይልቅ ከማር ጋር ይስማማል፤ የእንጨትና የአበባ ሽታ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን አይጫነውም።

ኮክቴል ለሚለው ቃል መጀመሪያ ከተጻፉት ትርጉሞች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1806 በአንድ የኒው ዮርክ ግዛት ጋዜጣ ላይ የወጣው ነው፤ ጠንካራ መጠጥ፣ ስኳር፣ ውሃና መራራ ቅመም ይላል። ከዚህ በላይ አታወሳስቡት። አስቀድማችሁ አንድ ነገር አዘጋጁ፤ አንድ ስኒ ማር በአንድ ስኒ ሙቅ ውሃ በጥብጡና አቀዝቅዙ። ማር እንዳለ ቀዝቃዛ መጠጥ ውስጥ ከገባ ታች ይተኛል። ብጥብጡ ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል።

ትኩሱ፦ ለባሌ ማታ ከሁሉም የሚመቸው ይህ ነው። ቁራጭ ዝንጅብልና አንድ እንጨት ቀረፋ በአንድ ብርጭቆ ውሃ አፍሉ። ብርጭቆ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማርና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ አድርጉ፣ ፍሉን ጨምሩና አማስሉ። ቦርበኑን፣ 40 ሚሊ ሊትር ያህል፣ መጨረሻ ላይ ጨምሩ። አብሮ ከፈላ ሽታው ይጠፋል። ለዚህ ጠቆር ያለ ማር ይሻላል።

ጎልድ ረሽ፦ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ ውስጥ የተወለደ ቀላል መጠጥ ነው። 60 ሚሊ ሊትር ቦርበን፣ 20 የማር ብጥብጥ፣ 15 የሎሚ ጭማቂ። የኛ ሎሚ ከእነሱ ቢጫው ሎሚ ስለሚመር እየቀመሳችሁ ጨምሩ። ከበረዶ ጋር ክዳኑ በሚገጥም የማር ብልቃጥ ውስጥ አድርጋችሁ እጃችሁ እስኪደነዝዝ ነቅንቁና በማጥለያ ቅዱ። ለዚህ ነጣ ያለ ማር ይመረጣል። በረዶውን ከፈላ ወይም ከታሸገ ውሃ ሥሩት።

ኦልድ ፋሽንድ በማር፦ 60 ሚሊ ሊትር ቦርበን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማር ብጥብጥ፣ ጥቂት ጠብታ ቢተርስ፣ አንድ ትልቅ በረዶ። ቀስ ብላችሁ ለግማሽ ደቂቃ አማስሉ፣ የብርቱካን ልጣጭ በላዩ ጨምቃችሁ ጣሉበት። ቢተርስ የሚባለው መራራ የቅመም ጭማቂ ሮቤ ሱቆች ውስጥ ካጣችሁት፣ ጥቂት ቅርንፉድ፣ ቀረፋና የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ በሁለት መለኪያ ቦርበን ነክራችሁ ለአምስት ቀን አስቀምጡ። ሲጠል ቡናማና መራራ ይሆናል፤ ሦስት አራት ጠብታው ይበቃል።

በነዚህ ሁለት ቀዝቃዛ መጠጦች ውስጥ ያለው አልኮል ከአንድ መለኪያ በላይ መሆኑን አትርሱ። ማር ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

"ብርድ ነው፣ አንድ ቅመስ"

ይህን ግብዣ ያልሰማ የባሌ ልጅ የለም። አልኮል እንደሚያሞቅ ሁላችንም ተነግሮናል፤ ሲወርድም ደረት ይሞቃል፣ ፊት ይቀላል። የሚሆነው ነገር ግን ሌላ ነው። አልኮል በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ የሰውነት የውስጥ ሙቀት ወደ ቆዳ ይወጣና ወደ አየር ይሄዳል። ቆዳችን ሞቀኝ ሲል ውስጣችን እየቀዘቀዘ ነው። እሳት ዳር ለተቀመጠ ሰው ችግር የለውም፤ ከዚያ ተነስቶ ውርጭ ላይ ለሚያመሽ፣ ለዘበኛ፣ ለሹፌር፣ ሳነቴ ላይ ለሚያድር ጎብኚ ግን አደጋ ነው። ለብርድ መድኃኒቱ ጋቢና ትኩስ ምግብ ነው።

ከአዲስ አበባ ወይም ከቆላ እንግዳ መጥቶባችሁ ወደ ሳነቴ ልትወጡ ካሰባችሁም የዋዜማውን ጠርሙስ ለመልስ ጉዞ አቆዩት። አምባው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ጫፉ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከፍታ ያልለመደ ሰው ያለ አልኮልም ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፉ ይቆራረጣል። አልኮል ሁለቱንም ያብሳል።

ከጎባ ሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። "ቅርብ ነው" የሚባልለት መንገድ ስለሆነ ነው የሚያሳስበኝ። የሚነዳው ሰው ከመጀመሪያው ይታወቅ፤ እሱ ትኩሱን ያለ ቦርበን ይጠጣ።

የማይጠጣው እንግዳ

የባሌ ቤት ድግስ ላይ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ አንድ ማዕድ ይቀርባል። ከተጋባዡ ብዙው ጨርሶ አይጠጣም፤ ከሚጠጣው ደግሞ ጾም የያዘ፣ መድኃኒት የጀመረ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም ዝም ብሎ ያላሰኘው አለ። የጥሩ ጠርሙስ ባለቤት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ለጠጪው ክሪስታል ብርጭቆ፣ ለማይጠጣው የፕላስቲክ ኮካ ኮላ የሚቀርብበት ቤት ለእንግዳው የሚናገረው ነገር አለ፤ "አንተ ጎድለሃል" ይለዋል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ብርዝ በብርሌ አቅርቡ፤ ያልፈላ የማር ውሃ እንደ ጠጅ ያምራል፣ ማንንም አያሰክርም። በዕለቱ በጥብጡትና በዕለቱ ጨርሱት፤ ካደረ መፍላት ይጀምራል። ከላይ የነገርኳችሁ ትኩስ መጠጥ ያለ ቦርበንም ሙሉ ነው፤ ዝንጅብሉ ራሱ ያቃጥላል። ጎልድ ረሹንም በቦርበኑ ፈንታ በቀዘቀዘ ጥቁር ሻይ ሥሩት፤ ቀለሙ ሳይቀር ይመሳሰላል። ብርጭቆው አንድ ዓይነት ይሁን።

የመተማመንም ጉዳይ አለ። ለሙስሊም እንግዳ የሚቀርበው ብርጭቆና ማጥለያ ከአልኮሉ የተለየ ይሁን፤ በኬክ ወይም በስጎ ውስጥ መጠጥ ከጨመራችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ቡናው በሚፈላበት ረከቦት አጠገብ ጠርሙስ አታስቀምጡ። የጠጪዎቹ መለኪያ ከሦስተኛው ስኒ፣ ከበረካ በኋላ፣ በሌላ ጠረጴዛ ቢሆን ሁሉም ይመቸዋል።

ቤተሰብ ላይ ደግሞ ዓይናችሁን ክፈቱ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። ቤት ውስጥም ልጅ "ለቡራኬ" እየተባለ አይቅመስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና ምንም ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን እንደሌለ ገልጿል። ስለዚህ ያልጀመረ ሰው እንዲጀምር ምክንያት አንፈልግለት። የሚጠጣው ጥቂት፣ ጥሩና ቀስ ብሎ ይጠጣ።

"በሞቴ" የሚለውንም ቃል ለእንጀራ እናድርገው። ለእንግዳ ምግብ ማጉረስ ፍቅር ነው፤ መጠጥ ማስገደድ ግን ምንም ብናሳምረው ጫና ነው። አንድ ጊዜ "ልጨምርልዎ?" ማለት ይበቃል። እንግዳው እጁን በብርጭቆው ላይ ከጫነ መልሱን ሰጥቷል።

መስከረም ጠብቶ ዘመድ ሲጠያየቅ፣ ያንን የቆመ ጠርሙስ አውርዱት። ትንንሹን ፊደል አንብቡ፣ ቀለበቱን አረጋግጡ፣ ለአራት ሰው አራት መለኪያ ቅዱና ክዳኑን መልሱ። የተከፈተ ጠርሙስ ክዳኑ ከገጠመ ለወራት ጣዕሙ አይበላሽም፤ በአንድ ማታ መጨረስ አይጠበቅባችሁም። ለሚቀጥለው በዓልም፣ ለሚቀጥለው እንግዳም ይደርሳል።